እናቴ በሐውልቱ ሥር የቀጠረችው ሰው

ማክሰኞ

እማዬ ዛሬም ጠፋች። ከፋርማሲው ለምሳ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ነጠላዋ ከመስቀያው የለም። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ያያት የለም። ያገኘኋት እንደ ባለፈው መናፈሻው ውስጥ ነው። ሐውልቱ ሥር እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሰው ቀጥሬ ነው» አለች። ሐውልቱን ቀና ብላ አየችና ደግሞ፣ «ግን ይሄ አይመስለኝም» አለች።

ፈራሁ። አባባ ከወሎ የመጣ ሁሉ በተሳደደበት በዚያ ክፉ ጊዜ ጊዳ አያና ላይ ከሞተ ወዲህ እማዬ ደሴ እህቷ ዘንድ ነበረች። መንገዱ ሻል ሲል ነቀምት እኔ ጋ ልምጣ ብላ ለመነችኝ። ናፍቄያት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የናፈቃት ሌላ ነገር ይሆን? ወይስ መርሳት ጀምራለች?

ረቡዕ

አስፈቅጄ ከሰዓት በኋላ ራሴ ወሰድኳት። ሐውልቱን ዞረችው፣ በእጇ ዳሰሰችው።

«ድንጋዩ ራሱ ነው። ግን በር አጠገብ ነበር። ከጀርባው ትልቅ ዛፍ ነበር» አለች።

በር የለም፣ ዛፍም የለም፤ አበባና አዲስ ንጣፍ ብቻ ነው። ሰው ልጠይቅ አልኩ፤ ምነው ባልጠየቅሁ። ጥበቃው ሐውልቱ አዲስ ነው፣ ድሮ ምንም አልነበረም አለኝ። የመናፈሻው ፎቶ አንሺ ሳቀበት፤ ሁልጊዜም እዚሁ መሃል ነበር፣ እኔ ስንት ሙሽራ አንስቼበታለሁ አለ። ከሲሬ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ ባልና ሚስት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ባልየው የተጫጨነው እዚህ ሐውልት ሥር ነው ሲል ሚስቱ፣ «እኔን ከሆነ ፏፏቴው ጋ ነው፤ ሐውልቱ ጋ ሌላ ሴት ይዘህ መጥተህ ይሆናል» አለችው። ፏፏቴ ነበር እንዴ?

እኔ ራሴስ? አባባ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲያመጣኝ እዚህ ቁጭ ብለን ሙዝ በልተናል። ሐውልቱ ጥላ ሆኖልን ነበር። በየት በኩል? ቀኑን ሙሉ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። የአባባ ጫማ ላይ የነበረው ጭቃ ግን ወለል ብሎ ይታየኛል።

ሐሙስ

ከመናፈሻው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው አቶ ሸኩር፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ጠየቅኳቸው።

«እናትሽ ልክ ናት» አሉ። «ድሮ ታችኛው በር አጠገብ ነበር። መናፈሻው ሲታደስ ነቅለው ወደ መሃል ወሰዱት። በሩንም ዘጉት።»

እማዬ አልረሳችም! እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ካልረሳች፣ ቀጠሮውም እውነት ነው ማለት ነው።

ማታ ራት ላይ ጠየቅኳት። ጎርሳ ስታበቃ ነው የመለሰችልኝ።

«ገመቹን ነው የምጠብቀው።»

ኦቦ ገመቹ ጊዳ አያና ሳለን የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። የእሳቸው ልጆችና እኛ አንድ ላይ ነው ያደግነው። ያኔ እማዬን ቤታቸው ደብቀው፣ ኋላ ላይ ከሚሸሹ ሌሎች ሰዎች ጋር መኪና ላይ ያሳፈሯት እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። የማላውቀውን ዛሬ ሰማሁ። አባባ በወጉ ተሰግዶበት፣ በመቃብር ቦታ ተቀበረ ብላ የነገረችን እውነት አይደለም። እሷ አላየችም። አስከሬኑን ጥላ ነው የሸሸችው።

«ገመቹ እኔ እቀብረዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለኝ። ሰላም ሲሆን ነቀምት ነይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ እመጣለሁ፣ መናፈሻው ሐውልት ጋ ጠብቂኝ፣ የት እንዳረፈ እነግርሻለሁ አለኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል ብሎኝ ነው ቦታውን የምፈልገው።»

«ለምን ዋሸሽን?»

«እናንተ እንድትተኙ ብዬ።»

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዓርብ

የኦቦ ገመቹ የድሮ ስልክ አይሠራም። ከሥራ በፊት በመናፈሻው ውጭ ዞሬ ወደ ታችኛው በር ሄድኩ። በቆርቆሮ ታጥሯል። ትልቁ ዛፍ ከቆርቆሮው ውስጥ ቆሟል፣ ቅርንጫፉ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ከቅርንጫፉ ሥር አዴ ጫልቱ የምትባል ሴት ሻይ ትሸጣለች። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ተባብለን ስለ ሽማግሌው በኦሮምኛ ጠየቅኳት።

ከጊዳ አያና የሚመጣ አንድ ረጅም ሰው በገበያ ቀን እዚህ ሻይ ይጠጣል፣ አንዲት የወሎ ሴት አይተሻል ወይ ይለኛል አለች። አሁን ግን ከቀረ ሰነበተ።

እኛ እዚያ መሃል፣ እሳቸው እዚህ ቆርቆሮ ጀርባ። ደግሞስ ሌላ ሰው ቢሆን? ታመው ከሆነ? ሞተው ከሆነ ቦታውን ማን ያውቀዋል? ለእማዬ የነገርኳት ነገ አብረን እንሄዳለን ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ሳልረሳው ልጻፈው።

ከረፋዱ ጀምሮ አዴ ጫልቱ ጋ ተቀመጥን። እማዬ ሻይም አልቀመሰችም። ረጅም ሰው ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። ከቀትር በኋላ፣ እንሂድ ልላት ስል፣ አንድ ሽበታም ሰው ዱላ ተደግፈው መጡ። እኔ አላወቅኳቸውም። እማዬ ግን ከሩቅ አወቀቻቸው።

«ገመቹ።»

«አዴ ዘይነባ! ነጋ? ነጋ ጅርታ?»

እጅ ለእጅ ተያይዘው በሁለት ቋንቋ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ። እግራቸውን ታመው ነበር የቀሩት። ከዚያ እማዬ ጠየቀች።

«የት ነው?»

«በቆሎ ማሳዬ ጥግ። አላርሰውም፣ በድንጋይ ከብቤዋለሁ።»

«ማን ሰገደበት?»

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት አዩ።

«ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ሸሽቷል። የእናንተን ጸሎት አላውቀውም። ግን ጠዋት ጠዋት ግቢያችሁ ውስጥ ሲሰግድ ከአጥሩ ማዶ አየው ነበር፤ ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ፊቱን ወደዚያው አድርጌ አስተኛሁት። በላዩ የራሴን ጸሎት ጸለይኩ። ጥፋት ከሆነ ይቅር በይኝ።»

እማዬ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። አባባ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አዴ ጫልቱም ሻዩን ትታ አብራን አለቀሰች። ምን እንደሆነ እንኳ ገና አልነገርናትም።

እሑድ

እማዬ ተኝታ አረፈደች። እንዲህ ተኝታ አታውቅም፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

ወንድሞቼ ዘንድ ደወልኩ። አንዱ ኦቦ ገመቹን ስልክ ላይ አገናኚኝ አለ፤ ሌላው ስልኩን ዘጋብኝ። አልተቀየምኩትም።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ልብስ እያጠፈች፣ «በቆሎው ሲሰበሰብ እንሄዳለን። መቃብሩ ላይ እሰግድበታለሁ። አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

መንገዱ እንዴት ነው? ቤታችን ውስጥ አሁን ማን ይኖራል? ሰፈሩ በየትኛው ዓይን ያየናል? አንዱንም አላውቅም። ኦቦ ገመቹም ሲጠየቁ «እየተሻለ ነው» ከማለት አላለፉም።

እሺ አልኳት።