ስለላኩልኝ የትኬት ገንዘብና ስለ ሥራዬ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ይልቃል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ተሻለው ወይ? እማዬስ ዓይኗን ታከመች? እትዬ አስካለስ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ፣ ግቢውስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ውሸት ስለሚሆን ግን ተውኩት። የጎደለኝ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ጤነኛ ነኝ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ።

ደብዳቤዎንና የትኬቱን ገንዘብ ልብስ ልትገዛ የመጣችው ነጋዴዋ ፋጡ በእጄ አስረክባኛለች። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰፈሩ በሙሉ የይልቃል እህት ያን ሁሉ ተምራ ቤይሩት ግርድና ገባች እያለ እንደሚያማን፣ ወዳጅዎ አቶ አዳነ በመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ቤት ሥራ እንደያዙልኝ፣ ለገናም ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ጽፈዋል። የማይታይ ነገር ስታሳድጂ ዕድሜሽ አለቀ ያሉትንም አይቻለሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ አባት ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና ቃልዎን አከብራለሁ። አልመጣም ግን።

በአጭሩ መቁረጤ እንዳያስቀይምዎ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ለትምህርት ሌኒንግራድ በሄድኩ ጊዜ መምህሬ የሰጡኝ ጥያቄ አንድ ነበር። አተም ድርሻው የሆኑ ኤሌክትሮኖች አሉት። አንዳንዱ አተም ወይም ሞለኪውል ግን በድርሻው ላይ አንድ ተጨማሪ ይይዛል፤ ያን ጊዜ አሉታዊ አዮን ይባላል። ትርፉን ኤሌክትሮን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ለማወቅ ብርሃን እናበራበታለን። የብርሃኑን ቀለም ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ቀስ እያልን ስንለውጥ አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሮኑን ይለቀዋል። ያን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዬ፤ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። እትዬ አስካለ ይህን ስትሰማ ልክ እንደ ስደተኛ ነዋ ብላ ምሳሌ ልታበጅለት ትችላለች። አይደለም ይበሏት። ኤሌክትሮን ኤሌክትሮን ነው፣ እኔም እኔ ነኝ።

ሌኒንግራድ ስሟን ቀይራ ቤተ ሙከራውም ገንዘብ አጥቶ ሲዘጋ፣ አብሮኝ የተማረው ሊባኖሳዊው ከሊል አገሩ ገብቶ ፕሮፌሰር ሆኖ ነበርና፣ ነይ፣ አንድ ምድር ቤት አለኝ ብሎ ጠራኝ። እውነትም ምድር ቤት ብቻ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ተሸሽጎ የኖረበት፣ ግድግዳው በሻማ ጭስ የጠቆረ ክፍል ነው። አየሩ ተመጥጦ የሚወጣለትን የብረት ጋን ዳሒዬ ከሚባለው ሰፈር ካለ የመኪና በያጅ ዘንድ ቆሜ አሠራሁት። በያጁ ኢስማኤል ለምንድን ነው ሲለኝ ውስጡ ምንም እንዳይኖር ነው ብለው፣ ለባዶ ዕቃ ይህን ያህል የምትጨቃጨቅ ሴት አላየሁም ብሎ ሳቀብኝ። ቢስቅም አሳምሮ ሠራው። መብራት ደግሞ እንደፈለገ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር አየሩን የሚመጠው ፓምፕ ስለሚቆም አየር ተመልሶ እንዳይገባ ሮጬ ቫልቩን በእጄ እዘጋለሁ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ እንደገና እጀምራለሁ። እንዲህ ስል ከርሜ ዘንድሮ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚለበጥበት ዚንክ ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር ትርፉን ኤሌክትሮን የት ላይ እንደሚለቅ መለካት ጀምሬያለሁ። ከእኔ በፊት የለካው ሰው ስለመኖሩ አላነበብኩም። ለማን ይጠቅማል ይሉኛል። ለማንም እንጀራ አይሆንም። ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ችሎታውም አለኝ፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላቀርብም።

አሁን የገጠመኝን ላጫውትዎ። ባለፈው ወር የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ብሄድ ጸሐፊው ፓስፖርቴን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ ለኢትዮጵያ ሴት የሚሰጠው ፈቃድ የቤት ሠራተኛ ብቻ ነው፣ ኸላስ፣ በቃ አለኝ። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ባሳየው ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቀኝ። ከሊል ተጨንቆ አንድ መላ አመጣ። ሚስቱ አሠሪ ሆና ትፈርማለች፣ እኔም የእሷ ቤት ሠራተኛ ተብዬ እመዘገባለሁ፤ መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ያኒ ወረቀት ብቻ ነው አለኝ። እርስዎም ቢጠየቁ፣ ወይ ፈርሚ ወይ ነይ እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አልፈረምኩም። የሥራው ስም አሳፍሮኝ እንዳይመስልዎ። ጅዴይዴ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር የሺ የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ አለች። በገባችበት ቤት ማዳሟ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ፓስፖርቷን ወስዳ፣ ስትወጣም በሩን ከውጭ ቆልፋባት ትሄድ ነበር። አንድ ቀን በሩ ሳይቆለፍ ቢቀር ባዶ እጇን ወጣች። አሁን በየሰው ቤት በሰዓት እየሠራች ትኖራለች፤ የእኔ ደመወዝ ሲዘገይ የምንበላው እሷ ከሳብራ ገበያ ተሸክማ የምታመጣውን ነው። ስለ ወረቀቱ ባማክራት፣ ማዳም ደግ ብትሆን ወረቀቱ ደግ አይደለም፣ ከፈረምሽ በኋላ የምትወጪው እሷ ስትፈቅድ ነው አለችኝ። በማግስቱ ለከሊል፣ በሰው ቤት ብሠራ ኖሮ በሰው ቤት እሠራለሁ ብዬ እፈርም ነበር፣ ያልሠራሁትን ግን አልፈርምም አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ፈራ፣ በመጨረሻ ቤተ ሙከራውን እቆልፋለሁ አለ። ቆልፈው፣ ቫልቩን የሚዘጋልህን ግን ከአሁኑ ፈልግ አልኩት። አልቆለፈውም። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲው ድጋሚ እንዲጽፍልኝ ደጅ የሚጠናልኝ እሱው ነው፤ መልስ ግን አልመጣም፣ ፈቃዴም ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ እህትዎ ዛሬ ወረቀት የላትም። ኬላ ባለበት መንገድ አልሄድም፤ በጓሮ በጓሮ ዞሬ ምድር ቤቴ እገባለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ይዘው ካባረሩኝ ያባርሩኝ። በገዛ እግሬ ግን ልኬቴን ጥዬ አውሮፕላን አልሳፈርም፤ ለሰፈር ሐሜት ብዬማ ጭራሽ።

ሰፈሩን ካነሳን ዘንዳ፣ እባክዎ እህቴ ገረድ አይደለችም እያሉ አይማሉልኝ። እዚህ መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ ማዳምሽ የት ናት ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ዲግሪዬን እደረድርለት ነበር፤ ያን በተናገርኩ ቁጥር የሺ አጠገቤ ቆማ ትሰማኛለች። አሁን ትቼዋለሁ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ለገና እንደማልመጣ በሰው አያስነግሯት፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፣ ስታለቅስም አጠገቧ ይቀመጡ። እትዬ አስካለን በጣም ናፍቀሽኛል ብላለች ይበሏት፤ በምሳሌዋ ነገር እንዳትቀየመኝ። ከልጆቹ ያዕቆብን ግንባሩን ይሳሙልኝ። ማርያማዊት ፊዚክስ እማራለሁ ካለች አይከልክሏት፤ ቢከለክሏትም እኔ ከዚህ እጽፍላታለሁ።

የላኩትን ገንዘብ አልመለስኩም። የሺ በተወሰደው ፓስፖርቷ ፋንታ የመውጫ ወረቀት ካገኘች ቆይታለች፣ የቀራት ትኬቱ ብቻ ነበር፤ ገዛሁላት። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የሰጠችዎት እሷ ናት። ደብረ ብርሃን እስክትሄድ ድረስ ለእኔ ባሰናዱት አልጋ ትደር። ጎረቤት ማን ናት ቢልዎ፣ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የመጣች እንግዳዬ ናት ይበሉ፣ ድምፅዎን ሳይቀንሱ። ይህን ሁሉ የሚያነቡት እሷን በር ላይ አቁመው ከሆነም፣ ጋሼ፣ ግቢ ይበሏት።

አክባሪ እህትዎ
ሀይማኖት

ቤይሩት፣ ጅዴይዴ
ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.