ከፋች አያለቅስም

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

የፋሲካውን ሰም ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ስፍቅ ዋልኩ። ጉልበቴ አለቀ። ይኼ ሕዝብ ሻማ የሚያበራው ለድንግል ነው ወይስ ለኔ ጉልበት? ባሌ ሲምዓን በሩ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። "ቄስ ስላገባሽ ጽድቅ በነፃ መሰለሽ?" አለኝ። ቢላዋውን አሳየሁት፤ ሄደ።

ከሰዓት ታች ሰፈር እማዬ ጋ ወረድኩ። ሾርባውን እምቢ አለች። አንዲት የወይራ ፍሬ አፏ ውስጥ አድርጋ ስትመጥ ቆየችና ፍሬውን መዳፌ ላይ ተፋችልኝ፣ እንደ ሕፃን። ከስታለች። እጇ እንጨት እንጨት ይላል። አሁንም ያው ነገር... "ስሞት ከአባትሽ በስተቀኝ ነው የምታስተኙኝ። በግራው እህቱ አለች። በሕይወቷም አልወደድኳትም።" ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። ሌላ ምንም አትጠይቀኝም፣ ይችን ብቻ።

ሸዲድ ለሙኽታርነት፣ ለመንደሩ ሹመት፣ ሊወዳደር ነው። ወንድሜ! መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ የማያውቅ ሰው የመንደር ማኅተም ሊይዝ። ከላይ ሰፈር ደግሞ መልሐም፣ የሲምዓን የአጎት ልጅ። እኔ የታች ሰፈር ልጅ፣ የላይ ሰፈር ምራት።

"ሁለት ባላ ተክለሻል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ትንጠለጠያለሽ" አለኝ ሲምዓን።

"ሁለቱም ቢሰበሩስ?"



እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም።

ሲምዓን ሰላምታውን ከመንበሩ ይዞ ወረደ። እንደ ወትሮው አንዱ የሌላውን መዳፍ እየነካ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ። ላይ ሰፈሮች በቀኝ ተቀምጠዋል፣ ታች ሰፈሮች በግራ። መቼ ነው እንዲህ የተለያዩት? ተለያዩ ያላቸው የለም። ሰላምታው መተላለፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። መልሐም እጁን አልዘረጋም። ሸዲድም ጣሪያ ያያል። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ተነሳሁና ከዚያ ተቀብዬ ወደዚህ አደረስኩ።

"ተቀመጪ! ፖስተኛ ነሽ?" አሉኝ እማማ ዋርዴ፣ አማቴ፣ ሰው እየሰማ።

ተቀመጥኩ። ግን ሰላምታው ደርሷል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የደወሉ ገመድ ተቆርጦ አደረ። በቢላ። ማን? ሁለቱም ሰፈር "እነሱ ናቸው" ይላል። ሲምዓን አዲስ ገመድ ቋጠረ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሐቢብ ተቀበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ግን እንዴት ያለ ቀብር ነው ይኼ...

ሬሳው መቃብር ቤቱ በር ላይ ደርሶ ከፋች የለም። ቁልፉ ሸዲድ ጋ ነው፣ ከአባታችን የወረሰው። የላይ ሰፈርን መቃብር ቤት የሚከፍተው ታች ሰፈር ነው፤ የታች ሰፈርን ደግሞ ላይ ሰፈር። ድሮም እንዲህ ነው። የራሱን መቃብር በራሱ እጅ የከፈተ ሌላ ሬሳ ይጠራል። እኛ እንዲህ ሲባል ነው ያደግነው፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ሸዲድ ግን ዘገየ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴቶቹ ሬሳው ላይ ጥላ ያዙ። መልሐም ጥርሱን ያፋጫል። በመጨረሻ ሸዲድ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ።

ሲምዓን እንደ ልማዱ ጠየቀው። "ለሟች ምኑ ነህ?"

"ባዳው ነኝ።"

"እንግዲያው ክፈት።"

ከፈተ። ፊቱ ድንጋይ። እሱስ ደንቡ ነው፣ ከፋች አያለቅስም፣ ጥቁርም አይለብስም፣ ሬሳም አይስምም። ግን አቶ ሐቢብ ናቸው እኮ በልጅነቱ ዋና ያስተማሩት! ዓይኑ እንኳ አልራሰም።

ሲወጣ መልሐም ጠበቀው። "ቁልፍ ስለያዝክ ሰው የሆንክ መሰለህ?"

"ሰው መሆኔንማ በምርጫው ታያለህ" አለው ሸዲድ።

ማታ ወንድሜን ሄጄ ተቆጣሁት። "ሬሳ ፀሐይ ላይ ታቆማለህ? ታምመሃል?" "እታለም፣ አንቺ አይገባሽም፣ ፖለቲካ ነው" አለኝ። ፖለቲካ! እማዬ ከውስጥ ክፍል "ማን ነው የሞተው?" ትላለች። ነገርኳት። "ሸዲድ በሰዓቱ ከፈተለት?" አለች። በሰዓቱ ነው እማዬ፣ አልኳት። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 3



አደባባዩ ላይ ሁለቱም ተናገሩ። መጀመሪያ መልሐም ተነሳ። "ማኅተሙ ታች ሰፈር ከሚወርድ ሙታኖቻችን ቢነሱ ይቀላል" አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሸዲድ መኪና ላይ ወጣ። ሲስቅ አየሁት። ያንን ሳቁን አውቀዋለሁ... ልጅ ሆኖ ከጣራ ሊዘል ሲል እንዲያ ነበር የሚስቀው። ሸዲድ ተው አልኩ፣ በሆዴ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ያንን የአባታችንን ትልቁን የብረት ቁልፍ። ከመኪናው ወረደና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ገደሉ ሄደ። ሰው ሁሉ ተከተለው።

"ሙታኖቻችሁ የሚነሱ ከሆነ መቃብር ምን ያደርግላችኋል? ኪሳችሁ ውስጥ ቅበሯቸው!" ብሎ ወረወረው።

ድምፁን እንኳ አልሰማንም። ጥልቅ ነው። ታች ሰፈሮች ሳቁ። ከዚያ አንዱ ዝም አለ፣ ሌላው ዝም አለ፣ ሁሉም ዝም አሉ። ሸዲድ ብቻ ቆይቶ ሲስቅ ይሰማል።

ሲምዓን ቤት ስንገባ ካባውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ይኼስ አፋፉንም አለፈ" አለ።

እማዬ እንዳትሰማ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

አማቴ ቤት ከመድኃኔዓለም ሥዕል ሥር ተሰቅሎ የሚኖረው ቁልፍ የለም። የእኛ ቁልፍ፣ የታች ሰፈር መቃብር። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። እማማ ዋርዴ ምስማሩን ሳይ አዩኝ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና፣ "እዚህ ነው ያለው፣ አትጨነቂ። እኛ አንወረውርም" አሉኝ።

 

እሑድ፣ ግንቦት 10

ሸዲድ አሸነፈ። በጥቂት ድምፅ።

የደስታ ተኩስ ነው እስካሁን። እማዬ ጋ ነበርኩ። ጥይቱ ሲንጣጣ ዓይኗን ገለጠች። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ፣ ልጅሽ ሙኽታር ሆነ።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። "ቁልፉን ገደል ጥሎታል አሉ" አለች። ማን ነገራት? ጎረቤት ምን አፍ አለው! "አዎ" አልኳት።

"ታዲያ ለኔ ማን ይከፍትልኛል?"

እማዬ ዝም በይ፣ አትሞቺም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

እማዬ ጎህ ሲቀድ አረፈች። እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ። እናቴን...

ሲምዓን ራሱ ደወሉን ደወለ። ታች ሰፈር ወጣ። ላይ ሰፈር አንድም በር አልተከፈተም። መስኮቶቹ ግን ገርበብ ብለዋል፣ ያያሉ።

ሲምዓን በየቤቱ ዞረ። መልሐም፣ "አባ፣ የራሳችንን ሬሳ የምናስገባበት ቁልፍ ታች ሰፈሮች ያምጡልንና እንከፍታለን" አለው። ሸዲድ ከከተማ ብረት ሠሪ አመጣለሁ፣ መቆለፊያውን አሰብሬ ለሁለቱም መቃብር አዲስ ቁልፍ አሠራለሁ አለ። "ሙታኖቻችንን በተሰበረ በር አናሳድርም" አሉት ላይ ሰፈሮች። እንስበር የሚልም ጠፋ ከታች ሰፈር፤ የራስን መቃብር መክፈት እኮ ነው! ሲምዓንን አንተ ክፈት አልኩት። "ቄስ ሰፈር የለውም። ቁልፍም አይሰጡኝም፣ ብከፍትም አይሆንም" አለኝ። አለቀሰ፣ ባሌ።

ሸዲድ ገደሉ ውስጥ ዋለ። ሲሄድ፣ "እታለም፣ አገኘዋለሁ፣ ማርያምን አገኘዋለሁ" አለኝ። የሙኽታርነት አዲሱን ሱሪ እንደለበሰ። ሲመለስ ሱሪው ተቀዶ እጁ ደም በደም ነው። እሾህ ብቻ ነው ታች ያለው። ክፉኛ ልመታው ፈለግኩ። ላቅፈውም ፈለግኩ። አንዱንም አላደረግኩም።

ቀኑ ይሞቃል። እማዬ ሳሎን ውስጥ ናት።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ይኼን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ አልጽፈውም።

ጠዋት አማቴ ቤት ሄድኩ። ጥቁር ለብሼ። የቤቱ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እማማ ዋርዴ ክንዴን ያዙኝ። ለቅሶ የደረሱኝ መስሎኝ ነበር።

"ቁልፉን የሚወስድ የላይ ሰፈር ሰው ነው" አሉ። "ከኛ የሚሄድ ጠፋ። አንቺ የማን ሰፈር ነሽ?"

ባዶውን ምስማር አየሁ።

"ሠላሳ ዓመት ቤቴ ስትገቢ ስትወጪ፣ የልጄን እንጀራ ስትበዪ፣ አንድ ቀን የላይ ሰፈር ነኝ ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። የታች ሰፈር ልጅ ነኝ፣ የታች ሰፈር ልጅ ነኝ... ዛሬስ?"

አሁን ገባኝ። ሸዲድ የላይ ሰፈርን ቁልፍ ወሰደ፤ እሳቸው ደግሞ የታች ሰፈርን ልጅ ሊወስዱ ነው። ክፋት ነው? ነው። ግን እማዬ ሳሎን ውስጥ ናት፣ ቀኑም እየሞቀ ነው።

"የላይ ሰፈር ነኝ" አልኩ።

"ጥቁሩን አውልቂዋ።"

አወለቅኩ፣ እዚያው ፊታቸው። ከሳጥናቸው ሰማያዊ ቀሚስ አውጥተው አለበሱኝ። ቁልፉን ከደረታቸው አወጡት። ይሞቃል፣ ገላቸው አሙቆታል።

እማዬን ሲያመጧት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ በሰማያዊ ቀሚስ። የታች ሰፈር ሴቶች ሲያዩኝ ለቅሷቸው ቀጥ አለ። ሸዲድ የሬሳውን ፊት ተሸክሟል። አየኝ፣ ቁልፉን አየ፣ አንገቱን ደፋ።

ሲምዓን መጽሐፉን ይዞ ፊቴ ቆመ። ሊጠይቀኝ አልቻለም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ላይ ሰፈሮች ከግንቡ በላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ካልተጠየቀና ካልተመለሰ አይሆንም። በል ጠይቀኝ አልኩት በዓይኔ። አንተ ሰውዬ፣ ጠይቀኝ!

"ለሟች... ለሟች ምኗ ነሽ?"

"ባዳዋ ነኝ።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"እንግዲያው ክፈቺ።"

ቁልፉ እምቢ አለ፣ ዝጓል። በሁለት እጄ ጠመዘዝኩት። በሩ ተከፈተ። ወደ ጎን ቆምኩ። በአጠገቤ አሳለፏት። ከፈኗ... መዓዛዋ... የመጨረሻዋን ልስማት ብልም አይቻልም። "በስተቀኝ ነው" አልኩ ብቻ። ማንም ባዳ ሆነሽ እንዴት አወቅሽ አላለኝም። በስተቀኝ አስተኟት።

ቆለፍኩ። አላለቀስኩም። ቁልፉን ለእማማ ዋርዴ መለስኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። ታች ሰፈሮች ባዳዋ ነኝ ብላለች ይላሉ። ላይ ሰፈሮች ደግሞ ምን ሞቶባት ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም። የማለቅሰው ጓዳ ውስጥ ነው፣ ቧንቧውን ከፍቼ። ሲምዓን ይሰማል፣ አይገባም።

ሸዲድ በየጠዋቱ ገደል ይወርዳል። ማጭድና መጥረቢያ ይዞ። ማኅተም የሚፈልግ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠራዋል፤ "ነገ" ይላል ከታች። ትናንት መንገድ ላይ ተገናኘን። "እታለም" አለኝ። ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ አለፈ።

እማማ ዋርዴ ከሐሙስ ጀምሮ ያስላቸዋል። ሾርባ ወሰድኩላቸው፤ እምቢ አሉ። ወደ አልጋቸው ጠርተውኝ እጄን ያዙኝ።

"ወንድምሽ አገኘው?"

"አላገኘም።"

"በደንብ ይፈልግ በይው" አሉ። ሳሉና፣ "ከድንጋዮቹ ሥርም ይየው። ቶሎ ይየው" አሉ።

እሺ አልኩ። እጃቸው እንጨት እንጨት ይላል።

ዛሬ ግን ካልሄድኩ ብለው ቅዳሴ መጡ፣ ተደግፈው። ሲምዓን ሰላምታውን ከመንበሩ ይዞ ወረደ። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፊት ወደ ኋላ። መተላለፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ፣ ከቀኝም ከግራም። ሲምዓንም ዞረ። ሁሉም ጠበቁኝ።

አልተነሳሁም።

የእማማ ዋርዴ ሳል ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሲምዓን ወደ መንበሩ ተመልሶ ቅዳሴውን ቀጠለ።