ተከዜን ለማየት ብቻ

ኒሯቅ አካባቢ፣ ጥር 15 ቀን 1962 ዓ.ም.

የዓመት ፈቃዴን ሁልጊዜ አገሬ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር የምጨርሰው። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ አስናቀች «ሰቆጣ አምስት ዓመት ተቀምጠን ተከዜን ሳናይ ልንዛወር ነው?» አለችኝና በበቅሎ ወጣን። ባልና ሚስት ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሠርግ፣ ያለ ስለት መንገድ ሲወጡ እኔም አይቼ አላውቅም።

ትናንት ያሳደሩን ሽማግሌ አቶ ኪዳኑ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ዛሬ ጧት ልንነሣ ስንል፣ «እውነቱን ንገሩኝ፤ መሬት ልትለኩ ነው የመጣችሁት?» አሉን።

«ኧረ አይደለም፤ ወንዙን ለማየት ነው» አልኳቸው።

«ወንዙ ምን ሆነና?»

የመንግሥት ሰው መሆኔን ያን ጊዜ ጠላሁት።

ያዳነችኝ አስናቀች ናት። «አባቴ፣ እርስዎ ተከዜን ከየት ሆነው ነው የሚያዩት?» አለቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ገደል አፋፍ ወሰዱንና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡን። ወንዙ ከሩቅ ታች በጭጋግ መሃል ይጥመዘመዛል።

«እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ እመጣለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሚስቴ የት ነበርክ ስትለኝ ፍየል ፍለጋ እላታለሁ።»

አስናቀች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ዛሬስ ምን ሊሏት ነው?»

«ዛሬማ ለእንግዶች ተከዜን ላሳይ ሄድኩ እላታለሁ» አሉና ኮራ ብለው አጠገባችን ተቀመጡ።

ጭጋጉ እስኪገፈፍ ማናችንም አልተነሣንም። ነገም እዚሁ ነን።