የተበሳው ጠመንጃ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5 ቀን 1974 ዓ.ም.
ሼፈርድስ ቡሽ፣ እንግሊዝ አገር

ዛሬ ከገበያው ሰባተኛውን የመለማመጃ ጠመንጃ ገዛሁ። እንግሊዞች እንዳይተኩስ በርሜሉን በስተውት፣ ወታደር ለሰልፍ ብቻ የሚይዘው ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስገባ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ሰደፉን አይተው ክው አሉ።

«አይዞዎት እትዬ፣ አይተኩስም» አልኳቸው።

ቀዳዳውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄንም በማይተኩስ ነው ያሰለጠኑት። ሚሊሺያ ብለው ወስደውት፣ ደህናውን መሣሪያ የሰጡት ወደ ኤርትራ ሲጫን ነው። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ሄደ ብሎ ጓደኛው ነገረኝ። አሰልጣኙ ግን ተኩሷል ብሎ ፈርሞለታል።»

እዚህ ሰው የሚያውቀኝ የሆቴል ሳህን ሳጥብ ነው። ያኔ ሚሊሺያው ሲሰለጥን ግን አሰልጣኝ አሥር አለቃ ነበርኩ። ጥይት ቆጥቡ ተባልን። ምልምሎቹን በባዶ ቃታ እያለማመድኩ፣ ለስንቱ «ዒላማ ተኩሷል» ብዬ ፈረምኩ። አንዳንዱ ስም እስከ አያቱ ድረስ ትዝ ይለኛል።

እትዬ በላይነሽ የልጃቸውን ስም ሊነግሩኝ ሲሉ፣ «ሥራ ረፈደብኝ» ብዬ ወደ ክፍሌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሥራ እንደሌለኝ ያውቃሉ።