እትየ ያላጨበጨቡለት ፊልም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኪሩቤል፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጎዴው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እህልህንስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሥራ ያስረሳሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። የእትየ ባንቺአየሁም ጉልበት ሻል ብሏቸዋል።

በፍላሽ የላክኸው የድሮ ፊልም ደረሰን። ያ ልጆች ሳለን «ባለፈረሱ» የምንለው፣ ንጉሡ ልጅቱን ከምንጭ ዳር ጠልፎ የሚጋልብበት፣ በኋላ ግን ወዳው አብረው የሚነግሡበት። አክስታችን እትየ ይወዱታል ብለህ ነው የላክኸው፤ ደስም አላቸው። ግን የሆነውን ልንገርህ።

ፔዳ ግቢ የማስተምራቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም እያዩ ይወያያሉ። ፊልሙን ይዤ፣ እትየንም አስከትዬ ሄድሁ። ንጉሡ ልጅቱን ፈረስ ላይ ሲጭናት ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ። ከመሸንቲ የመጣች ሰገነት የምትባል ተማሪ ብድግ ብላ «አጥፉልን! ጠለፋን ፍቅር እያላችሁ አታሳዩን» አለች። ምናሴ የሚባለው ተማሪ ደግሞ «የዛሬ ስድሳ ዓመት የተሠራን ፊልም በዛሬ ዓይን አትዳኚው፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር» አላት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ በልቤ ከምናሴ ጋር ነበርሁ።

ያን ጊዜ እትየ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «የዚያ ዘመን ሰው እኔ ነኝ» አሉ። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ውኃ ስቀዳ ጠለፉኝ። ሰባት ቀን ቆለፉብኝ። በስምንተኛው አመለጥሁና አንድ ሽማግሌ በታንኳ አሻገሩኝ። ልጄ፣ ያን ጊዜም ክፉ ነገር ነበር። ያን ጊዜም አልቅሻለሁ።»

ኪሩቤል፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር? እኔ አላውቅም። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ያሳደጉን ሴት! ልጆች ሳለን ካሴቱ ጠለፋው ላይ ሲደርስ ወደ ጓዳ የሚገቡት ለሥራ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔና አንተ አልጋ ላይ ቆመን ስናጨበጭብ እዚያ ሆነው ይሰሙን ኖሯል።

ሰገነት እያለቀሰች «እንግዲያው ይጥፋ፣ እማማ?» ብትላቸው፣ «ኧረ አይጥፋ! ልብሱን እወደዋለሁ፤ ዘፈኑንም። ልጅቱስ ምን አጠፋች? እዩት፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን አታጨብጭቡ» አሉ። ምናሴ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። የቀረውን አብረን አየነው፤ እትየም ዘፈኑን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት።

ስንመለስ ሐይቁ ዳር አረፍ አልን። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብጀምር «እናንተማ ልጆች ነበራችሁ፤ ምን ታውቁና!» ብለው እጄን ያዙኝ። እኔ ግን አለቀስሁ።

ልታገባት ለምታስባት ለፀደንያ ቤተሰብ ሽማግሌ እንድንልክልህ የጻፍኸውንም እዚያው አነበብሁላቸው። እልል አሉ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፦ «ሽማግሌው ይቆይ። አስቀድመህ አንተ ራስህ ጠይቃት፤ እሺ ማለቷንም በገዛ ጆሮህ ስማ። እምቢ ካለችህ አክብረሃት ተመለስ፤ እኔ ዘንድ ያው ልጄ ነህ።»

ባለቤቴ ዳኘው በጣም ናፍቀኸዋል። ልጃችን ቴዎ «አጎቴ መቼ ይመጣል?» እያለ ነው። ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ሰላም ብላሃለች። አብሮህ የሚኖረውን ጓደኛህን ክንዱን ሰላም በልልኝ። እትየ ግንባርህን ስመውሃል።

እኅትህ ወንጌላዊት
ባሕር ዳር፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.