የብብቱ ሦስተኛ ክር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ ለአቶ ዳልጮ፣ ሽሮ ሜዳ።

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ሸማ ስትሠራ የምትቀመጥበት ጉድጓድ ብርድ እግርህን ማረልህ? እኔ ልጅህ ዕድላዊት፣ ከአርባ ምንጭ ሙቀትና ከትንኞቿ ጋር ካለኝ ክርክር በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ አብሮህ ያለው ወንድሜ አጵሎስ በየመሀሉ እየገባ ስለሚያበላሽብኝ ነው፤ ደብዳቤ ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

የደበቅሁህ ነገር ነበር። በአካል ጥናት ትምህርት መውደቂያዬ ደርሶ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ቢጎድለኝ ከሕክምና ተሰናብቼ መንደራችን ኦቾሎ መግባቴ ነው። አንተም አራት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥከው ለከንቱ ይሆን ነበር።

በፈተናው ቀን፣ ለትምህርት በተሰጠ አስከሬን ብብት ውስጥ አንድ ነርቭ በቀይ ክር ታስሮ፣ "ይህ ከስንት ሥር ይሠራል?" ተባልን። መጽሐፉ ሁለት ይላል። ክፍሉም በሙሉ ሁለት ብሎ ጻፈ። እኔ ግን ያን ጥልፍልፍ ሳይ ጓሯችን ትዝ አለኝ፤ ከአባያ ሐይቅ የሚወጣው ጉም፣ አንተ ድሩን በእንጨቶቹ ላይ ስትዘረጋ፣ "ዓይንሽን ጨፍነሽ ክሩን ቁጠሪ" ስትለኝ። ሸማ መሥራት ለሴት አይሆንም ያሉት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ መቁጠርን መከልከል ረስተው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ቆጠርኩ። ተቆጣጣሪው የምጸልይ መስሎት አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለ። ሦስት! ተበጥሶ የተቀጠለ ይሆናል ብዬ ቋጠሮ ፈለግሁ፤ የለም። ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ወደቅሁም።

መምህራችን ዶክተር ዘርአብሩክ ዘንድ ሄጄ፣ "መጽሐፉን ይተዉትና ሰውየውን ይቁጠሩልኝ" አልኩ። በታላቅ ክብር መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ። ሁለት አሉ። ደገሙ። ጣታቸው ሦስተኛዋ ላይ ደረሰ። ቀና ብለው፣ "አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል። ቀዶ ሐኪም ሳያውቅ ቢቆርጣት እጅ ይደክማል። ማን ነው ያስተማረሽ?" አሉኝ።

"አባቴ።"

"የት ነው የሚያስተምሩት?"

"ጉድጓድ ውስጥ።"

ውጤቴ ተስተካክሎ አልፌአለሁ፣ አባዬ። ያ ሰው ማን እንደነበር አላውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሦስተኛዋን ክር ሳያውቅ ይዟት ኖረ። እኔም ያንተን ቆጠራ እንዲሁ ይዤው ኖሬአለሁ።

ጎረቤትህን አቶ ኦይታን፣ አከራያችሁን እማማ ሻሺቱን ሰላም በልልኝ። አጵሎስን ደግሞ፣ "ሴት ክር ምን ታውቃለች" ያለውን አፉን ሳምልኝ። እናቴ ፀዳለ ከኦቾሎ ትናፍቅሃለች፤ የድሩን እንጨቶች ለማገዶ ልትፈልጣቸው ስትል ደርሼ አስጥያታለሁ። ለመስቀል ና፤ ድሩን ጓሮው ላይ ዘርጋልኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ልቁጠር፣ አንተ አሜን በል።

ልጅህ ዕድላዊት
አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.