ሳትገጥም በብሎን ስለታሰረችው አምቡላንስ

ለተከበሩ ጓድ ጎበዜ
የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? በተለይ እንቅልፍዎ እንደ ወትሮው መሆኑን ብሰማ ደስ ይለኛል፤ እኛ ክሊኒክ ያለነው እንቅልፍ ካጣን ሰንብተናል።

እኔ ሶፊያ አብዱልቃዲር የክሊኒኩ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልልክ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ውለታዎ ለሕዝብ የተዋለ ስለሆነ ምስጋናውም በሕዝብ ፊት ይሁን ብዬ በክሊኒኩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። በእርዳታ የመጣችው፣ ማርሿን ራሷ የምትቀይረው አምቡላንሳችን ነሐሴ ላይ ቆመች። ሞተሩን ከኮንቨርተሩ ጋር የሚያስተሳስረው ስስ ክብ ብረት፣ መካኒኮች ፍሌክስፕሌት የሚሉት፣ ተሰንጥቆ ነበር። እርስዎም የፋብሪካዋ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ ስላልወደዱ ሌላ ቦታ የተሠራ አምሳያ አስመጡልን። የአምሳያው የመሃል ቀዳዳ ግን ጠቦ የኮንቨርተሩን አፍንጫ አላስገባም አለ። ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግር ድቡልቡል ዕቃ ነው፤ በብሎን ከመታሰሩ በፊት በእጅ ሲያዞሩት እንደ ልብ መዞር አለበት። ያን ቀን አልዞረም። እኔና ሾፌሩ ዘይኑዲን እዚያው ቆመን እናይ ነበር።

“ጓድ፣ ይህ ልኳ አይደለም። በግድ ከተሳበ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል” አለዎት መካኒኩ መስዑድ።

“በአብዮት በዓሉ ሰልፍ ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ናት። ብሎኑን አጥብቅ! ብረት ሲጨንቀው ይገባል” አሉት።

መስዑድ መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ሲጠራርግ፣ እርስዎ ሌሎች ሠራተኞች ጠርተው ብሎኑን አስጠበቁ። ገባም።

ሁለተኛ፣ ለሰልፉ ድምቀት አመሰግናለሁ። አምቡላንሳችን አበባ ተደርጎላት በመድረኩ ፊት አለፈች። ካምቢዮዋ ያቃስት ነበር፤ ደግነቱ የሙዚቃ ባንዱ ድምፅ ሸፈነላት። እርስዎም ቆመው መፈክር እያሰሙ አጨበጨቡ።

በዚያው ሳምንት ከመሰላ ገጠር ጥሪ መጣ። ሞሚና የምትባል ገበሬ ምጥ ጠንቶባት ነበርና ሄደን ከባለቤቷ ከበክሪ ጋር አሳፈርናት። ዳገቱ መሃል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ቆመች። ዘይኑዲን ወርዶ ከሥር አየ። ዘይቱ መንገዱ ላይ ይንዠቀዠቅ ነበር።

“ሲስተር፣ ፓምፑ ሄዷል። ከእንግዲህ አትነቃነቅም” አለኝ።

ሞሚና እጄን ይዛ “ደረስን እንዴ?” አለችኝ።

“ተቃርበናል፣ እህቴ” አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከጫት ማሳቸው የወረዱ ሰዎች ከነቃሬዛው ተሸክመዋት እየተፈራረቁ ወደ ከተማው ገሰገሱ። ልጅቷ መንገድ ዳር ተወለደች፤ አለቀሰች፤ አልሐምዱሊላህ አልን። የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። በያዝኩት ሁሉ ታገልኩ። የአሰበ ተፈሪ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከታች እየታዩን ሞሚና አረፈች። በክሪ ፎጣውን አውልቆ ፊቷን ሸፈነና፣ “መኪናዋ እኮ ታድሳለች ብለውን ነበር” አለ። ቁጣ እንኳ አልነበረውም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ጥፋተኛውን በፍጥነት በማግኘትዎ አመሰግናለሁ። ብሎኑን አላጠብቅም ያለው መስዑድ፣ ብሎኑ በመጥበቁ ለደረሰው ጥፋት አሻጥረኛ ተብሎ ታስሯል። ሚስቱ ረዲያ ምሳ ይዛ በሄደች ቁጥር ሳህኑን ከነምግቡ ይመልሱላታል። እኔና ዘይኑዲን ያየነውን ለመመስከር ቀጠሮ ብንጠይቅ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ አልቋል ተባልን። ሁለት የዓይን ምስክር ሳይሰሙ ማጣራት መቼም የእርስዎን ያህል ችሎታ ይጠይቃል።

ስለዚህ መስዑድን አስፈትተው፣ በዚያ ቀን ማን ምን እንዳለ በሸንጎ ፊት ቆመው እንዲናገሩ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ድምፅዎ ለዚህ እንደማያንስ በበዓሉ ሰምተናል።

በውለታዎ ክብደት አንገቷን የደፋች፣ ያየችውን ግን የማትደፋ፣
ሶፊያ አብዱልቃዲር
ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ እኔን ለመውሰድ መኪና በመፈለግ እንዳይቸገሩ አደራ። እስር ቤቱ ቅርብ ነው፤ በእግሬ እመጣለሁ። ብቻ ምጥ የያዛት ካለች አዋልጄ እስክጨርስ ይታገሱኝ።